የእትዬ ብርቄ አጥር

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሃያ ስድስት ቀን፣ የቀበሌያችን ነጭ ባንዲራ ሊሰቀል እንግዶች ከዞን በመጡበት ዕለት፣ እትዬ ብርቄ አጥር ሥር የሸናሁት እኔ ነኝ። ይህችን ለመናገር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ዛሬ ስጽፋትም ፊቴ ይግላል።

ነገሩ መሽናት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተረስቶ ነበር። እኔ ግን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ቀበሌዋ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ በሚወስደው በኩል፣ ሁለት ሰዓት በእግር የምታስኬድ፣ ቡናና ጫካ የዋጣት ናት። ዋናው ሥራዬ ሰው ሁሉ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፍርና ሜዳ ላይ እንዳይጸዳዳ ማድረግ ነበር። ነጩ ባንዲራም የሚሰቀለው በቀበሌዋ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው እንደሌለ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ሳቁ። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ልቤ የተበላሸው በልጅነቴ ነው። ጉሮሮዬን ያመኝ ነበር፤ ከዚያ ጉልበቴና ክርኔ እየተፈራረቁ ማበጥ ጀመሩ። "የዕድገት ነው፣ ይተዋታል" ተባለ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ የትምህርት ቤቱን ዳገት መውጣት ሲያቅተኝ እናቴ ጅማ ወሰደችኝ። አንደኛው የልቤ በር በደንብ አይዘጋም አሉን። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሐኪሙ ካርዴ ላይ "የልብ ድካም" ብሎ ጻፈ። ድካም ሲሉት አርፈው የሚነሡበት ነገር ይመስላል። አይደለም፤ አብሮ የሚተኛ፣ አብሮ የሚነሣ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ሳይቸኩል አስረዳኝ። "ጨው ተዪ። ጠዋት ጠዋት ተመዘኚ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመርሽ ሰውነትሽ ውሃ እየያዘ ነውና ላዚክሷን ከአንድ ወደ ሁለት አድርጊያት። በወር በወሩ ፔኒሲሊንሽን ተወጊ። ይህን ካደረግሽ ሠርተሽ ትኖሪያለሽ" አለኝ። ላዚክስ የምታሸና ኪኒን ናት። መጠኗ ከሽምብራ አይበልጥም፤ ጉልበቷ ግን የጉድ ነው። ከዋጥኳት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሥራዋን ትጀምራለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ረፋድ ድረስ ከሽንት ቤት መራቅ የለም።

መላውን ግን አውቄበት ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እውጣትና እስከ አራት ሰዓት ከጤና ኬላው ግቢ አልወጣም። ሕዝቡ "ሲስተር ጠዋት ጠዋት ሪፖርት ትጽፋለች" ይል ነበር። ነፍሰ ጡሮችን በምመዝንበት ሚዛን በሩን ዘግቼ ራሴን እመዝናለሁ። መርፌዬን ቦንጋ ሪፖርት ሳደርስ እወጋለሁ። ሰው ቤት ስጋበዝ "ጾም ነኝ" እላለሁ፤ ጾም በሌለበት ቀን "ሆዴን አሞኛል" እላለሁ። ስቀጠር በሞላሁት ቅጽ ላይ "የቆየ ሕመም አለብዎት ወይ?" ለሚለው ጥያቄ "የለም" ብዬ ፈርሜያለሁ። ይህ ከታወቀ ከሥራ እባረራለሁ፣ ማግባቱም የማይታሰብ ነው፣ የእናቴን የጉልት ቅመም ስለቅም እኖራለሁ ብዬ እፈራ ነበር። በየስብሰባው ግን ቆሜ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልኩ እተርታለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

እትዬ ብርቄ ከጤና ኬላው በታች ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ራቅ ብለው ደካ የሚባል አገር ተድረዋል። ጥቂት እንሰትና ከጫካው ጠርዝ የተጠጋች የቡና ማሳ አላቸው፤ የዓመት ልብሳቸውም ጤፋቸውም ከእርሷ ነው። ከቀበሌው ሁሉ መጸዳጃ ቤት ሳይቆፍሩ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሰኔ ስብሰባ ላይ አስነሣኋቸው።

"መቶ አርባ አባወራ ቆፍሮ እርስዎ ብቻ ቀሩ። ቀበሌውን የሚያሰድቡት እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"መሬቴ ረግረግ ነው ልጄ። እቆፍራለሁ፣ ውሃ ይወጣል። እቆፍራለሁ፣ ውሃ ይወጣል" አሉ። አማርኛን ያወቁት በገበያና በቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ቀስ ብለው፣ ቃል እየለቀሙ ነው የሚናገሩት።

"ሰበብ ነው" አልኳቸው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

በዚያው ስብሰባ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንዲት አንቀጽ አስጨመርኩ። ቆሻሻ አጥሩ ሥር የተገኘበት ቤት፣ ያደረገው ማንም ይሁን ማን፣ ባለቤቱ ጉባኤ ፊት ይቆማል የምትል ናት። ሐሳቧ የራሴ ነበረች። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ሀብተሥላሴም "ሲስተር ጭንቅላት አላት" ብሎ አስጨበጨበልኝ። በመጨረሻ ለእትዬ ብርቄ ጎረቤት ተሰብስቦ ከቤታቸው ወዲያ ከፍ ካለው ጥግ ቆፈረላቸው።

መስቀል መጣ። መስቀል በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱ ቤት ተበልቶ ሌላው ቤት ከተዘለለ ቂም ነው። "ሆዴን አሞኛል" ማለት በዓሉ ላይ አይሠራም። ሥጋውም፣ ቆጮውም፣ በቅቤ የተለወሰው ጎመንም ጨው እንደ ጉድ አለበት። ሳምንቱን ሙሉ እየዞርኩ በላሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጣፍጦኝም ነበር። መስከረም ሃያ ስድስት ጠዋት ሚዛኑ ላይ ስወጣ ሦስት ኪሎ ጨምሬያለሁ። እግሬን ስጫነው የጣቴ ምልክት ይቀራል። እንግዶቹ የሚመጡት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው ተብሏል። እንግዲያው ሐኪሙ እንዳለው ሁለቱን ዋጥኳቸው።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ከች አሉ። መኪናቸው ከሰዓት ወደ ዋጫ ስለምትሄድ ፕሮግራሙ ተቀይሯል አሉን። ሕዝቡ በጥሩምባ ተጠራ። እኔ ከፊት ቆሜ እንግዶቹን ማስተዋወቅ ጀመርኩ፤ ላዚክሷም እንደገና ጀመረች።

የጤና ኬላው ሽንት ቤት አሥር እርምጃ አይርቅም። ግን በአዲስ ቆርቆሮ አድሰን፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብተን፣ "ሞዴል መጸዳጃ ቤት" የሚል ጽፈን፣ እንግዳው ይቁረጠው ብለን ልክ እንግዶቹ ሲደርሱ በቀይ ሪባን አስረነዋል። ቁልፉ አቶ ሀብተሥላሴ ኪስ ውስጥ ነው። ሄጄ "ቁልፉን ስጠኝ፣ ሽንቴ መጣ" ማለት ነበረብኝ። ሃምሳ ሰው ፊት፣ ሪባን ሳይቆረጥ? አፌ እንቢ አለ። አንዱ እንግዳ ንግግር ሲጀምር "ወረቀት ላምጣ" ብዬ ቁልቁል ወደ እትዬ ብርቄ ግቢ ሮጥኩ። የእሳቸው ሽንት ቤት ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ አልቻልኩም። አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ማለቂያ የሌለው መሰለኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ከላይ የጭብጨባው ድምፅ ይሰማኛል፣ እንባዬም ይወርዳል። ተነሥቼ ቀሚሴን አራግፌ ተመለስኩ፤ ወረቀትም አላመጣሁ።

ከንግግሩ በኋላ የቡድኑ መሪ አቶ በዛብህ "እስቲ አጥር ለአጥር እንዘዋወር" አሉ። ጥቁር ጫማቸው በደንብ ተጠርጓል። መጀመሪያ የወረዱት ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ነው። እግራቸው መሬቱ ላይ ቸፍ ሲል ቆሙ። አረፋው ገና አልጠፋም።

"ትናንት ዘንቧል እንዴ?" አሉ። ከሁለት ቀን ወዲህ ዝናብ የሚባል አልነበረም። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ከዚያ መሐረብ አውጥተው ጫማቸውን መጥረግ ጀመሩ። "ይሄ የማን አጥር ነው?"

ተመልሰን ተሰበሰብን። አቶ ሀብተሥላሴ ላብ አጥምቆታል። "ሲስተር፣ ደንቡን አንብቢልን" አለኝ።

አነበብኩ። የራሴን አንቀጽ፣ በራሴ ድምፅ፣ ሳልደናቀፍ አነበብኩ። "ባለቤቱ ጉባኤ ፊት ይቆማል" ብዬ ስጨርስ እትዬ ብርቄ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አዩ።

"እኔ ነኝ። አርጅቻለሁ። አልያዘልኝም" አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ደንቡን አጥፌ ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ። እንግዶቹ ከሦስት ወር በኋላ እንመለሳለን ብለው ባንዲራውን ይዘው ሄዱ።

ቀበሌው ያን ቀን ለእትዬ ብርቄ ያለው ነገር ይቅር። ስብሰባ ላይ የተባለው ሳይሆን ሳይባል የተደረገው ነው የባሰው። በእኛ ዘንድ ቡና ሲደርስ በደቦ ነው የሚለቀመው፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው፣ በተራ። አሮጊትና ሕመምተኛ በሌላው ተራ ሳይሠራም ይለቀምለታል። በጥቅምት መግቢያ ተራ ሲወጣ የእትዬ ብርቄን ስም የጠራ አልነበረም። "ባንዲራችንን ያስቀረች ቡናዋን ራሷ ትልቀም" ተባለ። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ የክትባት መዝገቤን እያገላበጥኩ ሰማሁ።

ነገ እናገራለሁ እል ነበር። ግን "እኔ ነኝ" ብል "አንቺ ጤነኛ ልጅ ምን ሆነሽ?" ይሉኛል። ያን ከመለስኩ ኪኒኑ ይመጣል፣ ኪኒኑ ከመጣ ልቤ፣ ልቤ ከመጣ የፈረምኩት ቅጽ። አንዱን ክር ሲስቡት ልብሱ ሁሉ ይተረተራል ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታው አልበቃኝ ብሎ ደግሞ ሌላ ጅልነት ጨመርኩበት። ሁለተኛ እንዲህ እንዳልዋረድ ላዚክሷን ተውኳት። ሚዛኑን በጨርቅ ሸፈንኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ጠዋት እንደ ሰው ከቤት እወጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጫማዬ እንቢ አለኝ፤ ቦት ጫማ ማድረግ ጀመርኩ፤ ጭቃ ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጋደም ስል ስለሚያፍነኝ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሌላ ሰው እንዲህ ሆኖ ባየው "ዛሬውኑ ሆስፒታል!" ብዬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ሕፃናት ከትቤ ስመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወደቅሁ።

ሰዎቹ ከቡና ማሳ ቅርጫታቸውን ጥለው መጡ። ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ። ስምንት ሆነው አራት አራት እየተቀያየሩ፣ ወንዙን እስከ ጭናቸው ገብተው እየተሻገሩ ወደ ቦንጋ ወሰዱኝ። የዚያን ቀን ደቦ ቀረ። ቃሬዛው ላይ በጀርባዬ መተኛት ስላልቻልኩ አንዱ ትከሻዬን ደግፎ ቀና አድርጎ ይዞኝ ነበር፤ ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው፣ ስድስት ልጆቻቸውን የከተብኩላቸው።

"ይህቺን ልጅ የገደላት ያ ነገር ነው" አሉ እየሄዱ። "ስንት ለፍታ፣ ባንዲራው ሲቀር ተቃጠለች። ንዴት ነው ልቧን የመታት።"

"ያቺ አሮጊት ትጠየቅበታለች" አለ ሌላው።

"እግዚአብሔር የእጇን ይስጣት!" አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ። ሌሎቹም አሜን አሉ።

ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። ግን ትንሽ ቆይቼ "ውሃ" ብያለሁ፤ አጠጥተውኛል። "ውሃ" ለማለት የበቃ ትንፋሽ "እኔ ነኝ" ለማለትም ይበቃ ነበር።

ሆስፒታል በአፍንጫዬ ኦክስጅን፣ በእጄ መርፌ፣ ለሽንቴ ቱቦ ገባ። ሽንቱ የሚጠራቀምበት የላስቲክ ከረጢት አልጋው ጎን፣ ጠያቂ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተንጠለጠለ። ያን ያህል የደበቅሁት ነገር እንደ ዕቃ ተሰቅሎ ይታያል። በአምስት ቀን ዘጠኝ ኪሎ ውሃ ወጣልኝ። ሐኪሟ "መድኃኒቱን ለምን አቆምሽ?" ብትለኝ "አለቀብኝ" አልኳት። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ሳጥኔ ውስጥ ሦስት ፓኮ እንዳለ ስለምታውቅ አንገቷን ደፋች።

የቀበሌው ሰው በየተራ ጠየቀኝ። ማርም አመጡ፣ ዶሮም አመጡ። "ልቧ ተመታ" ብለው የሚያስቡት በንዴት ነውና ማንም ስለ በሽታዬ አልጠየቀም። ኅዳር ሦስት ቀን እትዬ ብርቄ ብቻቸውን መጡ። ምንም አልያዙም። እንደ ደንቡ "እግዚአብሔር ይማርሽ" አሉና አልጋው ጫፍ ተቀመጡ። እናቴ ለስላሳ ልትገዛ ስትወጣ ጠበቁ።

"እንሰቴ ውስጥ ነበርኩ" አሉ። "ቅጠል እቆርጥ ነበር። አየሁሽ።"

አንሶላውን ወደ ላይ ሳብኩት። "ታዲያ ለምን 'እኔ ነኝ' አሉ?"

"ደንግጠሻል። እንግዳ አለ። ወጣት ሴት ነሽ። አሁን ከምትዋረጂ እኔ ልቁም፣ እሷ ቆይታ ትናገራለች አልኩ።" ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። "ነገ ትናገራለች አልኩ። ለሰንበት ትናገራለች አልኩ። ጥቅምት ገባ። ቤተ ክርስቲያን ሰው አጠገቤ አይቆምም።"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ይቅርታ በኋላ። ቡናዬ ቀልቷል" አሉ። "ሁለት እጅ ነው ያለኝ።" ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና ሄዱ። እናቴ በሁለት ጠርሙስ ሚሪንዳ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወጣሁ። ኪኒኔ በቀን ሁለት ሆኗል። ከሆስፒታል ወጥታ በቀጥታ ቀበሌዋ ሄዳ የተናገረች ልጅ ታሪክ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እኔ ግን "ዕረፍት ታዝዞልኛል" ብዬ እናቴ ቤት ከሁለት ሳምንት በላይ ጋቢ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ዕረፍቱ የታዘዘው ለአንድ ሳምንት ነበር። መስኮቱ ላይ ሆኜ ቀይ ቡና የጫኑ በቅሎዎች ወደ ገበያ ሲያልፉ አያለሁ፤ ፊቴን አዞራለሁ። በመጨረሻ እናቴ ናት ነጠላዋን ለብሳ ፊቴ የቆመችው። ነገሩን ሁሉ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር። "አንቺን ደብቄ ያኖርኩ እኔ ነኝ፤ ሰው እንዳይሰማ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አሁን ግን ሂጂ" አለችኝ።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው እንግዶቹ ተመልሰው ሲመጡ ምን እናድርግ የሚል ነው። ሰው ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ሴቶቹ ሳሙኝ። እትዬ ብርቄ ከሁሉም ኋላ፣ ዛፍ ተደግፈው ብቻቸውን ቆመዋል። እጄን አወጣሁ።

"መስከረም ሃያ ስድስት ቀን እትዬ ብርቄ አጥር ሥር የሸናሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

አቶ ሀብተሥላሴ ፈገግ አለ። "ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አያችኋት፣ አሮጊቷ እንዳትጨነቅ ብላ በራሷ ላይ ወሰደችው!" አለና ማጨብጨብ ጀመረ። ሕዝቡም ተከተለው። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። "ኧረ የእውነቴን ነው!" ባልኩ ቁጥር ጭብጨባው ይብሳል። ዝም ስል ያመነኝ ሕዝብ ስናገር አላመነኝም። እትዬ ብርቄ ጀርባቸውን ከዛፉ አንሥተው ለመሄድ ዞር ሲሉ አየሁ።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ያን ቀንም፣ ያን ሁሉ አሳልፌም፣ ስብሰባ ስላለ የዕለቱን ሁለት ኪኒን በኋላ እውጣለሁ ብዬ በሶፍት ጠቅልዬ ይዣቸው ነበር። አወጣኋቸው።

"እዩ" አልኩ። "ይህ የልብ ድካም መድኃኒት ነው። የልብ በሽተኛ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ስቀጠር የለብኝም ብዬ ፈርሜያለሁ። መድኃኒቱ ያሸናል። በመስቀል ጨው በልቼ ስላበጥኩ ያን ቀን ሁለት ውጬ ነበር፣ ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ነበር፣ አልደረስኩም። ካላመናችሁኝ ጠብቁ።" የዕለቱን ድርሻዬን ሁለቱንም አፌ ውስጥ ከተትኩና ከአንዷ ሴት ጣሳ ተቀብዬ በውሃ ዋጥኩ። ከዚያ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

አቶ ሀብተሥላሴ አጀንዳውን ቀጠለ፤ የሰማው ግን የለም። ሁሉም እኔን ያያል። እንደዚያ ተቀምጦ መታየት ምን ማለት እንደሆነ ለጠላቴ እንኳ አልመኝም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነሣሁ። "ቁልፉን" አልኩት። ሳያየኝ ሰጠኝ። ሪባኑ ከታሰረ ሁለት ወር አልፎት ደብዝዟል፤ በጥሼው ገባሁ። ስመለስ ከኋላ ወጣቶቹ ይስቃሉ። ጥቂት ቆይቼ ዳግመኛ ተነሣሁ፤ ሳቁ ቀነሰ። ሦስተኛውን ስሄድ መንገዱን ለቀቁልኝ። በአራተኛው ስመለስ ትንፋሼ ስለተቆረጠ በርጩማው ጋ ሳልደርስ ቆምኩ፤ ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

ጋሽ ወልደሥላሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ያን ቀን ተሸክመንሽ እሳቸውን ስንረግም ትሰሚ ነበር?" አሉ።

"እሰማ ነበር።"

"አሜን ስንል?"

"እሰማ ነበር" አልኩ።

ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ተቀመጡ። ከየትኛውም ስድብ ይልቅ ያ አቀማመጣቸው ነው ዛሬም ድረስ የሚያቃጥለኝ። አቶ ሀብተሥላሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይህንን ለወረዳ ሳልጽፍ መቅረት አልችልም" አለ። "ጻፍ" አልኩት። ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር ይህችው ነበረች። እትዬ ብርቄ አልሄዱም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቆመው ሰምተዋል። ሰው ወደ እሳቸው መዞር ሲጀምር ግን ማንንም ሳያናግሩ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አምስት ሰው ቅርጫት ይዞ ግቢያቸው ተሰለፈ። እኔም ኪኒኔን ውጬ፣ በሰው ፊት ወደ እትዬ ብርቄ ሽንት ቤት እየተመላለስኩ አብሬ ቆምኩ። እትዬ ብርቄ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"እንልቀምልዎ ብለን ነው እትዬ" አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ።

"ምኑን?" አሉ።

ወደ ማሳው ገባን። ዛፎቹ ላይ ጥቂት የደረቀ ፍሬ እዚህም እዚያም ቀርቷል። ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ እሳቸው የደረሱበትን ለቅመዋል። ከላይ ያለውን ጦጣ በልቶታል። የቀረው ረግፎ፣ ጠቁሮ፣ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ተለውሶ መሬት ላይ ነው። ሰዎቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ተገትረው ቀሩ፤ አንድ ሁለቱ ወደ በሩ ማየት ጀመሩ።

እኔ ጎንበስ ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ስለዚህ መሬቱ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩና ከቅጠሉ ውስጥ አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። ግማሹ ሻግቷል፤ ከአምስቱ አንዱ ይሆናል የሚረባው። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቼ የእትዬ ብርቄ ጥላ እጄ ላይ አረፈ። "ተነሺ ልጄ፣ ያምሻል" ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሉኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አላሉም። ሌላ ቅርጫት አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ።